ከቀጥታ ጥሪ ወደ ጋራ መረጃ፦ የአንድሮይድ ክፍሎች እንዴት ሲነጋገሩ ቆዩ?

አንድ የአንድሮይድ ስክሪን በሌላ ስክሪን ውስጥ ያለን ሜተድ መጥራት ሲፈልግ ምን ያድርግ? የአንዱ ኦብጀክት ሜተድ ከሌላው የሚጠራበትን መንገድ ማንኛውም የጃቫ ጀማሪ ያውቀዋል። አንድሮይድ ላይ ግን አክቲቪቲን (ስክሪኑን የሚይዘውን ክፍል) የሚፈጥረውም የሚያጠፋውም ሲስተሙ ነው እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም። ተጠቃሚው ስልኩን ወደ ጎን ሲያዞረው እንኳ፣ የተለየ ቅንብር ካልተደረገ በቀር፣ አክቲቪቲው ፈርሶ እንደ አዲስ ይፈጠራል። ከአፍታ በፊት የያዝነው ሪፈረንስ አሁን የሚያመለክተው የፈረሰውን ነው። እስካሁን የመጡት ዘዴዎች በሙሉ የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 አንድሮይድ 1.0 ሲወጣ ዋናው መልስ ኢንቴንት ነበር። አንዱ ክፍል ሌላውን በቀጥታ አይነካም፤ ጥያቄውን ለሲስተሙ ይሰጣል፣ ሲስተሙ ያደርስለታል። አስተማማኝ ቢሆንም አድካሚ ነበር። በዚህ የተነሳ ብዙዎች አክቲቪቲውን በስታቲክ ቫሪያብል ይዘው ከፈለጉበት ቦታ ሜተዱን መጥራት ጀመሩ። ኮዱ ይሠራል፤ ስክሪኑ ሲዞር ግን ያ ቫሪያብል የፈረሰውን አክቲቪቲ ከነምስሎቹ ሜሞሪ ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል።

በ2011 በአንድሮይድ 3.0 ፍራግመንት፣ ማለትም አክቲቪቲ ውስጥ የሚገባ የስክሪን ክፍል፣ መጣ። የጎግል ምክር ፍራግመንቱ ኢንተርፌስ እንዲያወጣና አክቲቪቲው ኢምፕሊመንት እንዲያደርገው ነበር። ንጹሕ ሐሳብ ነው፤ ፍራግመንት ውስጥ ፍራግመንት ሲገባ ግን አንዲት መልእክት በየደረጃው እየተቀባበለች መውጣት ግድ ሆነባት።

ከ2012 ጀምሮ የተስፋፋው ኢቨንት ባስ ይህን ድካም በአንድ ጊዜ ገላገለ። የግሪንሮቦት ኢቨንትባስና የስኩዌር ኦቶ በሰፊው ተወደዱ። ለእኔ ግን ከሁሉም ብዙ ጉዳት ያደረሰው ዘመን ይህ ነው። የክፍያ አፕ እናስብ። አንዱ ክፍል «ክፍያው ተሳካ» የሚል ኢቨንት ይለቃል፤ የተመዘገበ ሁሉ ይሰማል። ከበስተኋላ ያልተዘጋ የቆየ ስክሪን ምዝገባውን ካልሰረዘ እሱም ይሰማና ደረሰኙ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ኢቨንቱን ማን እንደለቀቀው፣ ማን ማን እንደሚሰማው ኮዱን አንብቦ መረዳት አይቻልም፤ ፕሮጀክቱን በሙሉ ማሰስ ያስፈልጋል። ስኩዌር ራሱ ኦቶን ትቶ ተጠቃሚዎቹን ወደ አርኤክስጃቫ መራ። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የጎግል ሎካልብሮድካስትማኔጀርም በ2018 መጨረሻ ከአገልግሎት እንዲወጣ ተወሰነ፤ ምክንያቱም ያው ነበር፦ ማንም ማንንም መስማት መቻሉ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2017 ነው። ጎግል ቪውሞዴልንና ላይቭዳታን ሲያስተዋውቅ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። ክፍሎቹ መጠራራታቸውን ትተው አንድ የጋራ መረጃ መመልከት ጀመሩ። በዚያው የክፍያ አፕ የብሩን መጠን የሚያስገባው ፍራግመንት ቁጥሩን ቪውሞዴሉ ላይ ይጽፋል፤ የማረጋገጫው ፍራግመንት ከዚያው ያነባል። አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም፤ ስልኩ ቢዞርም ቁጥሩ አይጠፋም። ላይቭዳታ ደግሞ መረጃ የሚያደርሰው ገባሪ ለሆነ ስክሪን ብቻ ስለሆነ የፈረሰን ስክሪን የመጥራቱ ስሕተት ቀረ።

አንድ ጊዜ ብቻ መታየት ላለበት መልእክት ግን ላይቭዳታ አይመችም፤ ስልኩ በዞረ ቁጥር መልእክቱ ተመልሶ ይወጣል። በ2020 ወደ ኮትሊን ኮሩቲን የተጨመሩት ስቴትፍሎውና ሼርድፍሎው ዘላቂውን መረጃ ከአላፊው ክስተት ለመለየት ረዱ። በሐምሌ 2021 የጎግል የስክሪን መሥሪያ ጄትፓክ ኮምፖዝ 1.0 ሲወጣም መረጃ ወደ ታች፣ ክስተት ወደ ላይ የሚለው አሠራር የተለመደ ሆነ፤ ልጁ ክፍል ከወላጁ የተቀበለውን ፈንክሽን ይጠራል፣ በቃ።

ዛሬም የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ቪውሞዴል የስክሪን መዞርን ይቋቋማል እንጂ ሲስተሙ ሜሞሪ አጥሮት አፕን ሲገድል አብሮ ይሞታል። አገራችን ውስጥ ሜሞሪያቸው አነስተኛ የሆኑ ስልኮችን የያዙ ብዙ ተጠቃሚዎች ስላሉ ይህ ሊናቅ አይገባም። ተጠቃሚው ጽፎ ያልጨረሰውን ሴቭድስቴትሃንድል ውስጥ አስቀምጡለት። አፓችሁን ከመልቀቃችሁ በፊትም በስልኩ የዴቨሎፐር አማራጮች ውስጥ አክቲቪቲዎች እንዳይቆዩ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩና ከስክሪን ስክሪን እየተዘዋወራችሁ ሞክሩት።