ምድር ባቡር ዳገት ለምን ይፈራል?

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ የሚጓዝ የጭነት መኪና አቀስታን አልፎ የጉጉፍቱን ብርዳም ዳገት እያቃሰተም ቢሆን ይወጣዋል። ሺህ ቶን የሚጎትት ምድር ባቡር ግን ያን መንገድ አይሞክረውም። ችግሩ ከሞተሩ አይደለም፤ ለባቡር ጉልበት የሰጠው ነገር ራሱ ዳገት ላይ ይከዳዋል።

እግሩም ሀዲዱም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚይዘው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ሜዳ ላይ አንድ ቶን ጭነት ለመሳብ 2 ኪሎ ግድም ጉልበት ይበቃል። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ከፍ ሲል ግን ሌላ 10 ኪሎ ይጨመርበታል፤ ስድስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የመኪና ሾፌር እንዲህ ያለውን ዳገት ልብም አይለው። በዚያ ላይ ለስላሳ ብረት ያንሸራትታል። ሎኮሞቲቭ አሸዋ ይዞ የሚጓዘውም ለዚህ ነው፤ ሀዲዱ ሲረጥብ ከመንኮራኩሩ ፊት ይነሰንሰዋል።

የአገራችን የሀዲድ ታሪክም በዳገት የተጻፈ ነው። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። በ1890 ከጅቡቲ የተነሳው ሥራ ወደ ሐረር ያመራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ተራራው ወጪውን ስላከበደው ያን ጥንታዊ የንግድ ከተማ ትቶ በግርጌው አለፈ። በ1895 ሀዲዱ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። አንድ ታላቅ ከተማ የዳገት ልጅ መሆኑ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

ለወሎ ተራው የደረሰው መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 መገንባት ጀመረ። እሱም ደጋውን አልደፈረም፤ ተራራው ሲገጥመው በዋሻ እየበሳ፣ የቀረውን በግርጌው እየዞረ ይሄዳል። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲደርስ ፕሮጀክቱ ክፉኛ ተጎዳ።

የአባይና የበሽሎ ገደሎች ባሉበት በምዕራብ ወሎ ሀዲድ መዘርጋት እጅግ ውድ ነው። ለወሎ ቦረና ገበሬ የሚቀርበው ባቡር የኮምቦልቻው ነው። እዚያ ሥራ ቢጀምር ስንዴውና ባቄላው በመኪና ደሴን አቋርጦ ይወርድና ፉርጎ ላይ ይጫናል፤ ማዳበሪያውም በዚያው መንገድ ከጅቡቲ ይመጣል። መስመሩ ተጠግኖ እንዲያልቅ አጥብቄ የምመኘውም ለዚህ ነው።