ሲሊካ የገባበት ፖሊኢትሊን ለምን አልወርድ ይላል?

የላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሚፈተንበት መሣሪያ ሲያዩት ቀላል ነው። ጥቂት ግራም የፖሊኢትሊን ፍሬ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ የብረት ቱቦ ውስጥ ይጨመራል። ፍሬው ሲቀልጥ 2.16 ኪሎ ክብደት ከላይ ይጫንበታል፤ ከታች ደግሞ 2 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ባላት ቀዳዳ ክር እየሆነ ይወርዳል። በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደወረደ ተመዝኖ የፍሰት ቁጥር ተብሎ ይመዘገባል። ያንኑ ፖሊኢትሊን በደቃቅ የሲሊካ ዱቄት ለውሰው ቢደግሙት ክሩ ይዘገያል፤ ዱቄቱ በርከት ካለ ጭራሽ አልወርድም ይላል።

በሶ በጥብጦ ለሚያውቅ ሰው ዱቄት ሲበዛ መወፈሩ አዲስ ነገር አይደለም። የሚገርመው የመወፈሩ ልክ ነው።

አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1906 ባወጣውና በ1911 የስሌት ስህተቱን ባረመው ሥራ፣ በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑ ጥቂት ክብ ቅንጣቶች ዝልግልግነቱን በምን ያህል እንደሚጨምሩት አሳይቷል፤ ቅንጣቶቹ ከያዙት የይዘት ድርሻ በ2.5 እጥፍ። በይዘት ነው፣ በክብደት አይደለም። ሲሊካ ከፖሊኢትሊን ከእጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ በክብደት 5 በመቶ ሲጨመር በይዘት የሚይዘው ከ2 በመቶ ብዙም አያልፍም። በዚህ ሂሳብ ቅልጡ ሊወፍር የሚገባው በ6 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ቅንጣቱ በማይክሮሜትር የሚለካው ሻካራ ሲሊካ ጥቂት እስከሆነ ድረስ ለዚህ ሂሳብ በግምት ይታዘዛል። ከነበልባል የሚገኘው፣ እንደ ጭስ የቀለለው ሲሊካ ግን አይታዘዝም። ይህ ሲሊከን ቴትራክሎራይድን በሃይድሮጅንና በኦክስጅን እሳት ውስጥ በማሳለፍ የሚሠራ ነው። ቅንጣቶቹ ከ5 እስከ 50 ናኖሜትር ይሆናሉ፤ እዚያው እሳቱ ውስጥ እርስ በርስ ተበያይደው እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ከተለመዱት ዓይነቶች የአንዱን 1 ግራም ብንወስድ የገጹ ስፋት ሁሉ ተደምሮ 200 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ከቮሊቦል ሜዳ ይሰፋል።

ነገሩ ያለው እዚህ ገጽ ላይ ነው። ገጹ ሲላኖል በሚባሉ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ተሞልቷል፤ እነዚህ ደግሞ በሃይድሮጅን ትስስር እርስ በርስ ይፈላለጋሉ። ፖሊኢትሊን በበኩሉ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን በቀር ምንም የለውም፤ ለሲሊካው የሚዘረጋው እጅ የለም። ስለዚህ ቅንጣቶቹ ባለቤቱን እንደማያውቁ ሠርገኞች ጥግ ይዘው እርስ በርሳቸው ብቻ ይያያዛሉ። ቁጥቋጦ ከቁጥቋጦ እየተያያዘ ከዳር እስከ ዳር መረብ ይዘረጋል። በቅርንጫፎቹ መሃል የተያዘው ቅልጥ ደግሞ እንደልቡ ስለማይፈስ ከጠጣሩ ወገን ይቆጠራል። ተጨመረ ከተባለው ዱቄት እጅግ የሚበልጥ የተጨመረ ያህል የሚሆነው በዚህ ነው።

ይህ መረብ ግን ጠንካራ አይደለም። ቅልጡን በሁለት ሳህኖች መሃል አድርገው እጅግ በዝግታ ወዲያ ወዲህ ቢያወዛውዙት፣ ንጹሕ ፖሊኢትሊን የተጫነበትን ኃይል ረስቶ እንደ ፈሳሽ ይላላል፤ ሲሊካ የያዘው ሳይላላ እንደ ጠጣር ጸንቶ ይቆያል። ፍጥነቱ ሲጨምር መረቡ ይበጣጠስና ሁለቱ እየተቀራረቡ ይመጣሉ። በዕረፍት ሲተዉት ደግሞ መረቡ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይያያዛል።

ወደ መሣሪያችን እንመለስ። የፍሰቱ ቁጥር 1 ግራም በሆነ ፖሊኢትሊን፣ በቀዳዳዋ ግድግዳ ላይ ያለው የሽርተታ ፍጥነት በሰከንድ 2 ገደማ ነው። ቅልጡን ወደ ቅርጽ በሚወጋ ማሽን ውስጥ ግን በሰከንድ ከ1000 ያልፋል። እንግዲህ ያ ቁጥር የሚነግረን መረቡ ገና ባልተበጠሰበት ዝግታ ስላለው ጠባይ ነው። በእርሱ ብቻ ተመርቶ «ይሄ አይፈስም» ብሎ ውሁድን መጣል፣ በእኔ ግምት፣ ሰውን ከእንቅልፉ ሲነሳ አይቶ ሰነፍ ነው እንደማለት ነው።

መረቡን ማላላትም ይቻላል። ሲላኖሎቹን ሲላን በሚባሉ ዘይት ወዳድ ውህዶች ሲሸፍኗቸው የመያያዝ ፍላጎታቸው ይቀንሳል፤ ያው መጠን ዱቄት ገብቶም ቅልጡ ይቀላል። ሌላው መንገድ ማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለበት ፖሊኢትሊን መጨመር ነው። ዱቄቱን በደንብ ይበትነዋል፤ ሆኖም ሰንሰለቶቹን ከሲሊካው ጋር ስለሚያስር ቅልጡን መልሶ ሊያከብደው ይችላል። ጥሩ መበተን ሁልጊዜ ጥሩ መፍሰስ ማለት አይደለም።

ሚዛኑ ጨርሶ የማያየው ነገርም አለ። ከቀዳዳዋ የወረደችውን ክር ቀዝቅዛ በካሊፐር ቢለኳት፣ የንጹሑ ፖሊኢትሊን ክር ከቀዳዳዋ ትወፍራለች፤ በጠባቡ መንገድ የተሳቡት ሰንሰለቶች ሲለቀቁ ወደ ነበሩበት ይኮማተራሉና። ሲሊካ የገባባት ክር ግን ያን ያህል አታብጥም። የቅልጡን ቦታ በከፊል የያዘው መኮማተር የማያውቅ ድንጋይ ነው።