ሆቴል ካሊፎርኒያ፦ እውነት ወይስ ተረት?

የኢግልስ ባንድ «ሆቴል ካሊፎርኒያ» የሰይጣን አምልኮ መዝሙር ነው የሚለው ወሬ ለዐሥርት ዓመታት ሲዞር ኖሯል። እንደ ማስረጃ የሚጠቀሰው ዘፈኑ የወጣበት አልበም ሽፋን ሲገለጥ በሚታየው ፎቶግራፍ ላይ፣ ከፎቅ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ የደበዘዘ ሰው ነው። የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን መሥራች አንቶን ላቬይ ነው ይሉታል። ተረት ነው። ፎቶው የተነሣው ሆሊውድ ውስጥ በአንድ አሮጌ መኖሪያ ሕንፃ ነው፤ ላቬይም እዚያ አልነበረም። ካማሪዮ በተባለች ከተማ ስለነበረው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የተዘፈነ ነው የሚለውም መሠረት የለውም።

ሆቴሉስ በእውን አለ? በሽፋኑ ፊት ላይ የሚታየው ሰንሴት ጎዳና ዳር ያለው ቤቨርሊ ሂልስ ሆቴል ነው፤ ዘፈኑ ግን ስለ እሱ አይደለም። ሜክሲኮ ውስጥ ቶዶስ ሳንቶስ በምትባል ከተማ በዚሁ ስም የሚጠራ ሆቴል አለ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 «ጎብኚዎች ከእኛ ጋር ግንኙነት ያለው እየመሰላቸው ነው» ብሎ ከሰሰው፤ ክሱም በ2018 በስምምነት ተቋጨ።

ዘፈኑ የሚናገረው ስለ ሎስ አንጀለስ ነው፤ በ1970ዎቹ ገንዘብ፣ ዝናና ኮኬይን ስለተትረፈረፈባት ከተማ። የባንዱ አባል ዶን ሄንሊ ደጋግሞ እንዳስረዳው ጉዳዩ የአሜሪካ ሕይወት ልክ ማጣትና ከየዋህነት ወደ መረረ ልምድ የሚደረግ ጉዞ ነው። በየሆቴሉ መዝናኛ እንደ ሽርሽር ዜማ መዘፈኑ ይህን ሰውሮታል።

እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት ይከተላል፦ ዘፈኑን ከውጭ የመጡ ሰዎች በከተማዋ ላይ የሰነዘሩት ወቀሳ አድርጎ ማየት። እርግጥ አልበሙን ከሠሩት አምስቱ አንዳቸውም ካሊፎርኒያ አልተወለዱም፤ ሄንሊ ከቴክሳስ፣ ግሌን ፍራይ ከዲትሮይት፣ ዶን ፌልደር ከፍሎሪዳ፣ ጆ ዎልሽ ከካንሳስ፣ ራንዲ ማይስነር ከነብራስካ ናቸው። ግን ፌልደር ዜማውን የጀመረው ማሊቡ ባሕር ዳርቻ በተከራየው ቤት ነው፤ አልበሙ በታኅሣሥ 1976 ሲወጣም ሁሉም ስመ ጥር ነበሩ። የሚወቅሱትን ድግስ እየበሉ ነበር፤ የዘፈኑ ኃይልም ለእኔ ከዚህ ይመነጫል። ተራኪው ከእንግዶቹ አንዱ ነው፤ ማንም አስገድዶ አላስገባውም። የሰይጣኑ ወሬ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው፤ ዘፈኑ በሰዎች ምርጫ ላይ የጣለውን ጥፋት አንሥቶ ለአጋንንት ይሰጣል።

መላውን አልበም ያዳመጠ ሰው እንዲህ አይስትም። መዝጊያው «ዘ ላስት ሪዞርት» ከሰባት ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ የሚተርከውም ነጮች የአገሬውን ተወላጆች ምድር እየነጠቁ፣ ያማረ ያሉትን ስፍራ ሁሉ ሰፍረው እያበላሹ እስከ ማሊቡና ሃዋይ እንዴት እንደደረሱ ነው።