ሳይጠየቁ የተሰናበቱት የፖሊስ አዛዥ

ሁለት ባላጋራዎች ከዛፍ ሥር በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት ሲቆሙ፥ የአንደኛውን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ እንደማይገኝ አንባቢያችን ያውቃል። ይህን ያህል ግልጽ የሆነው ነገር በታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ግን አንዳንድ ጊዜ ይዘነጋል። የተማሩና የተከበሩ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው፥ «የዚህ ሰው ነገር የታወቀ ነው፤ መጠየቁ ምን ያደርጋል?» ይባባላሉ። ይህች አነጋገር ምን እንደምታስከትል ለማሳየት፥ በእንግሊዝ አገር ብራይተን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የሆነውን ዛሬ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ቻርልስ ሪጅ በከተማው ፖሊስ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ አገልግለው በ1956 አዛዥ ሆኑ። በኦክቶበር 1957 ግን ከሌሎች ጋር ተባብረው የፍርድ ሥራ እንዲሰናከል አድርገዋል ተብለው ተያዙ፤ በማግሥቱም ከሥራቸው ታገዱ። ነገሩ ለችሎት ቀርቦ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1958 በነጻ ተለቀቁ። ከርሳቸው በታች የነበሩ ሁለት ፖሊሶች ግን ተፈረደባቸው። ዳኛው ሚስተር ዶኖቫን በሁለቱ ላይ ቅጣት ሲወስኑ፥ እነዚህ ሰዎች ከአዛዣቸው ሊያገኙት የሚገባቸውን መልካም መሪነት አላገኙም ሲሉ ተናገሩ። ማርች 6 ቀን በቀረበው በሌላው ክስ ማስረጃ ስላልቀረበ ሪጅ እንደገና ነጻ ወጡ፤ ዳኛው ግን አሁንም አዛዡን የሚነቅፍ ቃል ጨመሩ።

በማግሥቱ፥ ማርች 7 ቀን፥ ፖሊሱን የሚቆጣጠረው የማዘጋጃ ቤት ኮሚቴ ተሰብስቦ አዛዡን አሰናበተ። መጥሪያ አልተላከላቸውም። ጥፋትዎ ይህ ነውና መልስ ይስጡበት አልተባሉም። ማርች 18 ቀን ጠበቃቸው ኮሚቴው ፊት ቀርበው ተናገሩ፤ ኮሚቴው ግን ክሱን ዘርዝሮ ሳይገልጽ በውሳኔው ጸና። ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ያቀረቡት ይግባኝም በጁላይ ወር ውድቅ ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ፥ ሰውዬው የታገሉት ወደ ወንበራቸው ለመመለስ ነው ብሎ ይገምት ይሆናል። አይደለም። የፈለጉት ጡረታቸውን ነው። ተጠርተው ቢጠየቁ ኖሮ፥ በፈቃዳቸው ሥራውን ለቀው በአገልግሎታቸው ዘመን ያገኙት መብት እንዲጠበቅላቸው ለማመልከት ይችሉ ነበር። ስንብቱ ግን ይህን በር ዘጋባቸው። ለአንድ ያረጀ መንግሥት ሠራተኛ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ገና ሥራ የጀመረው ወጣት አንባቢያችን አባቱን ቢጠይቅ ይነግረዋል።

ሪጅ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የመጀመሪያው ዳኛ አልተቀበሏቸውም። በ1962 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እንዲሁ አደረገ። ምክንያቱም፥ ኮሚቴው የሠራው የአስተዳደር ሥራ እንጂ የዳኝነት ሥራ አይደለም፤ ተከሳሽን መስማት ደግሞ የዳኛ ግዴታ ነው የሚል ነበር። ይህ አስተሳሰብ የእንግሊዝ ዳኞች ከ1920ዎቹ ዓመታት ወዲህ የለመዱት እንጂ የጥንቱ ሕጋቸው አይደለም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥሩውን ሊቅ ዶክተር ቤንትሊን ሳይሰማ ዲግሪያቸውን ገፍፎ በተከሰሰ ጊዜ፥ በ1723 ከዳኞቹ አንዱ ነገሩን እስከ ኦሪት ወሰዱት፤ እግዚአብሔር እንኳ የአዳምን ሥራ እያወቀ ሳይጠራውና ሳይጠይቀው አልፈረደበትም አሉ። ዲግሪውም ተመለሰ። ኦሪትን ከልጅነቱ የሰማ ሰው ይህን የፍርድ ምክንያት ከብዙ የሕግ መጽሐፍ ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል ብለን እናምናለን።

በመጨረሻ ጉዳዩ ለሎርዶች ምክር ቤት ቀረበ። ይህ ምክር ቤት ሥልጣኑ በ2009 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ ተላለፈበት ጊዜ ድረስ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ነበር። በማርች 14 ቀን 1963 ከአምስቱ ዳኞች አራቱ ለሪጅ ፈረዱ። ሎርድ ሪድ በሐተታቸው ከሥራ የሚሰናበቱትን ሰዎች በሦስት ከፈሏቸው። በውል የተቀጠረ ሠራተኛ አለ፤ ውሉ ያለ አግባብ ቢፈርስ ካሣ ይጠይቃል። በሿሚው ፈቃድ ብቻ የሚቆይ ሹም አለ፤ ምክንያት ሳይነገረው ሊሻር ይችላል። ጥፋት ካልተገኘበት በቀር የማይሻር ሹምም አለ። የ1882ቱ ሕግ ኮሚቴው ሊያሰናብት የሚችለው ሥራውን ቸል ያለውን ወይም ለሥራው የማይበቃውን ነው ስለሚል፥ የፖሊስ አዛዡ ከሦስተኛው ወገን ሆኑ። ሰው ቸል ማለቱንና አለመብቃቱን ደግሞ እርሱን ሳይሰሙ ማወቅ አይቻልም።

ኮሚቴው፥ «ብንሰማቸውም ውሳኔያችን አይለወጥም ነበር» ሲል ተከራክሮ ነበር። እኛ ከፍርዱ ሁሉ የወደድነው ለዚህ የተሰጠውን መልስ ነው። ሎርድ ሪድ እንዲህ ያለው ነገር ምክንያት ሊሆን መቻሉ እጅግ ያጠራጥራል አሉ፤ ቢሆንም እንኳ በዚህ ጉዳይ አይሠራም፥ ኮሚቴው ከማሰናበት ሌላ ሰውዬው ራሳቸው እንዲለቁ የማድረግ መንገድ ነበረውና።

ሪጅ መልካም አዛዥ ነበሩ ብሎ የፈረደ ግን የለም። ያን መመዘን የኮሚቴው ሥልጣን ነበር፤ ዳኞቹ የመረመሩት የተሄደበትን መንገድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይለይም፤ ፍርድ ቤት የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ቀማ እያለ ያማል። የማርች 7ቱ ስንብት ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ተቆጠረ፤ የቀረውም ጉዳይ እንዲወሰን ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ተመለሰ። ከዚያ ስብሰባ እስከዚህ ፍርድ የፈጀው ጊዜ አምስት ዓመት ከአንድ ሳምንት ነበር።