ኮረንቲ የያዘው ትከሻ

በሐረር ከተማም ሆነ በሶፊ ወረዳ ኤሌክትሪክ የገባለት ቤተ ሰብ ጥቅሙን ያውቃል፤ እናት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጆችም በብርሃኑ ያጠናሉ። ነገር ግን ሽቦው የተላጠ ወይም እጅ የረጠበ እንደ ሆነ ይኸው ረዳት ጠላት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚፈራው ቃጠሎውንና የልብን መቆም ነው፤ ትከሻን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

በየቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ኃይል በክንድ ሲያልፍ ጡንቻዎች ባንድነት ስለሚኰማተሩ የተያዘው ሰው ልልቀቅ ቢልም አይችልም። የትከሻን መገጣጠሚያ ከብበው የሚያጸኑት የ4 ጡንቻዎች ጅማቶች ናቸው። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ወደ ውጭ ከሚያዞሩት ይልቅ ብርቱዎች በመሆናቸው፣ በድንገት ሲኰማተሩ የክንዱን አጥንት ራስ ወደ ኋላ ሊያወልቁት፣ አጥንቱን ሊሰብሩት፣ ጅማቱም ሊበጠስ ይችላል። ይህም ሰውየው ሳይወድቅ፣ ቆዳውም እምብዛም ሳይቃጠል ሊደርስ ይችላል።

ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤተ ሰብ ነፍሱ ስለ ተረፈች ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ትከሻውን ግን ወጌሻ እንዲያሸው ይሰጣል። የተሰበረ ወይም የወለቀ ትከሻ ያለ ምርመራ ቢጎተት ጉዳቱ ይብሳል። በሐኪም ቤትም ቢሆን ከፊት ለፊት ብቻ የተነሣ ራጅ ወደ ኋላ የወለቀውን ሊሰውረው ስለሚችል ከጎንም መነሣት አለበት። የጅማት መበጠስ የሚታየው በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ ነው። ስለዚህ በሕይወት ፋናም ሆነ በሌላ ሆስፒታል በሽተኛው ኮረንቲ እንደ ያዘው አስቀድሞ ይንገር።

ክንዱን ማንሣት ወይም ወደ ውጭ ማዞር ያቃተው፣ ሌሊትም ሕመም የሚያነቃው ሰው ቀን አይቁጠር። ትንሽ ጉዳት በዕረፍትና በፊዚዮቴራፒ ይሻላል፤ ፈጽሞ የተበጠሰ ጅማት ግን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቢደረግ ይመረጣል።

ሰው ኮረንቲ ሲይዘው በእጃችሁ አትንኩት፤ በመጀመሪያ ከቆጣሪው ዘንድ መብራቱን አጥፉ። መተንፈስ ካቆመ ደረቱን በመጫን እርዱት፤ ሰውም ለእርዳታ ጥሩ። ከተነሣም በኋላ ልቡ ይመርመር።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብር ያስተምራል። ማሽላ የሚያጭደው ገበሬ፣ ጸናጽል የሚያነሣው ካህን፣ ልጇን የምታዝለው እናት ሁሉ የሚሠሩት በትከሻቸው ነው፤ ስለዚህ ጸሎታችን ከሕክምና አያዘግየን።