«ጋዙ አልቋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከደጋው ተነሥቶ ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ ቆላውን ሲይዝ የመኪናውን አየር ማቀዝቀዣ ይከፍታል። ማራገቢያው እየሠራ የሚነፍሰው አየር ሞቃት ከሆነ በየጋራዡ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላ» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ «አልቋል» የሚለውን ቃል በሳይንስ ዓይን እንመረምራለን። ቤንዚን ተቃጥሎ ያልቃል፤ የማቀዝቀዣ ጋዝ ግን በሥራው ላይ አይቃጠልም፤ አያልቅምም። ታዲያ የት ይሄዳል?

በቅድሚያ የመሣሪያውን አሠራር እንመልከት። በሸክላ እንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው በገላው በኩል የሚተነው እርጥበት ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ፈሳሽ ሲተን ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል፤ ተኑ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ የወሰደውን ይለቃል። የመኪናው ማቀዝቀዣም በዚሁ ሕግ ይሠራል። ልዩነቱ የእንስራው ተን በአየር ሲበተን የመኪናው በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ መመላለሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በብዙ መኪናዎች የተለመደው አር-134ኤ የተባለ ጋዝ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ኮምፕሬሰሩ ተኑን ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ አስወጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲወድቅ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ተንኖ አየሩን ያቀዘቅዛል። ከዚያም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል።

ዑደቱ ዝግ ስለሆነ ጋዙ ከቀነሰ በአንድ በኩል ሾልኮ ወጥቷል ማለት ነው። በላስቲክ ቱቦዎችና በማሸጊያ ቀለበቶች በኩል በብዙ ዓመታት ጥቂት ጋዝ መውጣቱ ያለ ነው። በጥቂት ወራት የሚጎድል ከሆነ ግን ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ። ከጋዙ ጋር የኮምፕሬሰሩ ዘይት ስለሚዘዋወር በመጋጠሚያዎች ላይ የሚታይ የቅባት እድፍ ቦታውን ሊጠቁም ይችላል። ይህን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በተሸነቆረ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የጋዝ አይደለም፤ የኮንደንሰሩ በአቧራ መደፈን ወይም የኮምፕሬሰሩ ክላች አለመያዝም ቅዝቃዜውን ያጠፋል።

ምን ያህል ጋዝ ይሞላ የሚለው ጥያቄም ጥንቃቄ ይሻል። በአንድ ዕቃ ውስጥ ፈሳሽና ተን አብረው እስካሉ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የጋዙ ብዛት አይደለም። በቆመ መኪና ውስጥ በ25 ዲግሪ ሙቀት ያለ አር-134ኤ 300 ግራምም ሆነ 600 ግራም ቢሆን ጌጁ የሚያሳየው ግፊት አንድ ነው። ስለዚህ እውነተኛው መለኪያ ሚዛን ነው። አምራቹ ያዘዘው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ ክዳን ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ከልክ በላይ ከተሞላ ግፊቱ አይሎ ኮምፕሬሰሩን ሊጎዳ ይችላል።

ከመሙላት በፊት ደግሞ በቧንቧው ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት። ግፊቱ ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት አንድ አርባኛ በታች ሲወርድ ውኃ በ25 ዲግሪ እንኳ ፈልቶ ይወጣል። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ የሚያመጣው ነገር አለ። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል 76 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ የሚነበበው ፍጹም ባዶነት በተራ ጌጅ 57 ገደማ ይነበባል። ይህ የፓምፑ ድክመት አይደለም።

ሾልኮ የወጣው ጋዝ መዳረሻውም ከባቢ አየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሼርዉድ ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች እንደ አር-12 ያሉ የቀድሞ ጋዞች ክሎሪን የኦዞንን ሽፋን እንደሚያጠፋ አመለከቱ፤ በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮልም እነዚህን ጋዞች ከአገልግሎት ማስወጣት ጀመረ። ተተኪው አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,400 እጥፍ ያህል ሙቀት አማቂ ነው። 600 ግራም ሲያመልጥ 840 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ይቆጠራል፤ ይህም 360 ሊትር ያህል ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ጋር ይስተካከላል። በ2016 የተደረሰው የኪጋሊ ማሻሻያ የዚህን ቤተሰብ ጋዞች ፍጆታ ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ያለመ ነው።

እንግዲህ አንባቢያን «ጋዙ አልቋል» የሚል መልስ ሲሰጣቸው ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያነሡ እንመክራለን፦ ጋዙ የወጣው በየት በኩል ነው? ቧንቧው በፓምፕ ተመጥጧል? የተሞላውስ ስንት ግራም ነው? ለእነዚህ መልስ ሳያገኙ የሚከፈል የጋዝ ዋጋ ከጥቂት ወራት በኋላ ዳግም መከፈሉ አይቀርም።