ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም (ፒሲኦኤስ)፦ መንስኤውና የሚያስከትላቸው ችግሮች

ፒሲኦኤስ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ገደማ የሚያጠቃ የሆርሞን መዛባት ነው። ብዙዎቹ ችግሩ እንዳለባቸው አያውቁም።

መንስኤው
ትክክለኛው መንስኤ ተለይቶ አልታወቀም። እናቷ ወይም እህቷ ችግሩ ያለባት ሴት ተጋላጭነቷ ከፍ ይላል። ሰውነት ለኢንሱሊን በአግባቡ ምላሽ ካልሰጠ ኢንሱሊን በደም ውስጥ ይበዛል፤ ይህም የወንዴ ሆርሞን እንዲጨምር ያደርጋል። በዚህም እንቁላል በወቅቱ አይለቀቅም።

የሚያስከትላቸው ችግሮች
• የወር አበባ መዘግየት ወይም መቅረት
• ብጉር፣ በአገጭና በደረት ላይ የሚወጣ ፀጉር
• ለመፀነስ መቸገር
• ዓይነት 2 የስኳር በሽታ
• የወር አበባ ለብዙ ወራት ሲቀር የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን መወፈርና፣ ውሎ አድሮ ለካንሰር መጋለጥ

ምን ማድረግ ይገባል?
እርጉዝ ሳይሆኑ የወር አበባዎ ለ3 ወር ከቀረ በድሬዳዋ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም በሚቀርብዎት የጤና ተቋም ሐኪም ያማክሩ። ክብደትዎ ከፍ ያለ ከሆነ 5 በመቶ መቀነስ እንኳ ሊረዳ ይችላል። ለስላሳ መጠጥ ይቀንሱ፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ሳይበረታ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ በእግር ይጓዙ።

ፒሲኦኤስ አለብሽ መባል መካን ነሽ ማለት አይደለም። ብዙ ሴቶች በሕክምና እርዳታ ይወልዳሉ። ልጅ ሲዘገይ ባልም አብሮ ሊመረመር ይገባል።